ነጠላው በርቶ ፊቱ ሲጨልም

የስላይድ ፊልም በአካባቢያችን የሕዝብ ፎቶግራፍ ሆኖ አያውቅም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባም ሆነ የአስመራ ቤተሰብ ፎቶ ቤት ሄዶ በጥቁርና ነጭ ይነሣና፣ የታጠበለትን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር። ስላይድ ግን ለመታየት ፕሮጀክተር፣ መብራትና የጨለመ ክፍል ይሻል። በዚህም ምክንያት በአመዛኙ የውጭ አገር መምህራን፣ የዲፕሎማቶች፣ የሚስዮናውያንና ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ጥቂት ሰዎች ንብረት ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችም በየአውራጃው ሲያስተምሩ ስላይድ አንሥተው ወደ አገራቸው ይዘው ተመልሰዋል። ዛሬ እነዚያ ሣጥኖች እየተከፈቱ ነው፤ ልጆችና የልጅ ልጆች የወላጆቻቸውን ስላይድ በስካነር ወደ ዲጂታል ይለውጣሉ።

ሥራው አጣዳፊ መሆኑን የሚክድ የለም። ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኮዳክሮም የተባለውን ስመ ጥር ፊልም ደግሞ በ2009 አቁሟል። ኮዳክሮም ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ይጠብቃል፤ የዚያ ዘመን ሌሎች ፊልሞች ግን ብዙዎቹ ወደ ቀይ አድልተዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይለወጥ አይለወጥ ሳይሆን፣ ሲለወጥ ማን ይጠፋል የሚለው ነው።

ባለቤቶቹ ዘወትር የሚጠይቁት የምስሉን መጠን ነው። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነች ስላይድ በአንድ ኢንች 4000 ነጥብ ብትነበብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ትሰጣለች፤ ይህም ለማንኛውም ቤተሰብ ይበቃል። የሚያሳስበው ግን ጥላው ነው። የስላይድ ፊልም በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን ርቀት እምብዛም አይታገሥም። በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጠላ የለበሰች ሴት ስትነሣ፣ ካሜራው ለነጠላው ካደላ ፊቷ ጥላ ውስጥ ይሰጥማል። ይስጠም እንጂ አልጠፋም፤ ስላይዱ ከኃይለኛ አምፖል ፊት ሲቆም ዓይኗም ጉንጯም ቀስ ብለው ይወጣሉ። ርካሹ ስካነር ይህን ጥልቀት ማንበብ አይችልም። የሚያስረክበው በብሩህ ነጠላ የተከበበ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ተመልካቹም «ድሮስ ፎቶው እንዲህ ነበር» ብሎ ያልፋል። ነጩ መምህር ከአጠገቧ ቆሞ እንደሆነ ግን የእርሱ ፊት በደንብ ይታያል!

በዚህ ላይ አውቶማቲክ እርማት ይታከላል። ፕሮግራሙ ከምስሉ ብሩህ የሆነውን ቦታ ፈልጎ «ነጭ ይህ ነው» ይላል፤ በምሽት ፀሐይ ወርቅማ የሆነው ጋቢ የሆስፒታል አንሶላ ይመስላል። አቧራን በኢንፍራሬድ የሚያነሣው ዘዴም ለብዙ ፊልም መልካም ሆኖ ሳለ፣ በኮዳክሮም ላይ ሥዕሉን ራሱን እንደ እድፍ ቆጥሮ የሚያደበዝዝበት ጊዜ አለ። አስተዋይ ሠራተኛ ያልታረመውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጣል፤ እርማቱን የሚሠራው በሌላ ቅጂ ላይ ነው።

ሌላው ጉዳት ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ስላይድ ፊትና ጀርባ አለው። ተገልብጦ ከተነበበ ግራው ቀኝ ይሆናል። በላቲን የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ ካለበት ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል፤ ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን፣ ፊደሉን የማያውቅ ባለሙያ መርካቶን ገልብጦ ያስረክባል።

ከምስሉ ይልቅ በቀላሉ የሚጣለው ካርቶኑ ነው። ስካነሩ መካከለኛዋን መስኮት ብቻ ያነባል፤ በዙሪያዋ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቃልና የታተመው ወር ከውጭ ይቀራሉ። ማኅተሙም ቢሆን ማስተዋል ይጠይቃል። «ማርች 1966» የሚለው በእኛ የካቲት ወይም መጋቢት 1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚናገረው ፊልሙ የታጠበበትን ወር እንጂ የተነሣበትን ቀን አይደለም፤ ስለዚህ በጥር የተነሣ ጥምቀት የመጋቢት ማኅተም ሊኖረው ይችላል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የተነበበበትን ቀን ይመዘግብና የ1958ቱን ሙሽራ በዚህ ዓመት ከተነሡ የስልክ ፎቶዎች መካከል ይሰይማታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የከተማዋን ነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶዎች ሰብስቦ፣ ከታሪካቸው ጋር አቅርቧል። መጽሐፉ ከናፍቆት በላይ የሚዘልቀው ፎቶውን ያመጡት ሰዎች ከተነሡት ጋር ስለሚተዋወቁ ነው፤ አክስት ናት፣ አባት ነው፣ የሰፈር ልጅ ነው። በስላይድ ሣጥን ውስጥ ይህ ዝምድና የለም። ያነሣው በአንድ አህጉር፣ የተነሣችው በሌላ አህጉር ናቸው። ለአንዱ ቤተሰብ ከ80 የፕሮጀክተር ቀዳዳዎች አንዱን የሞላች ስላይድ፣ ለሌላው ቤተሰብ የእናቱ ብቸኛ ምስል ልትሆን ትችላለች።

ታዲያ በካርቶኑ ላይ «ምግብ አብሳያችን፣ ጎንደር» ተብሎ ቢጻፍስ? ስም የለውም፤ አጻጻፉም ያበሽቃል። ቢሆንም ካርቶኑ በሁለቱም ገጹ ተነብቦ ከምስሉ ጋር በአንድ ፋይል ከተቀመጠ፣ የሚፈልጋት ሰው ቢያንስ ከየትኛው ከተማ እንደሚጀምር ያውቃል።