ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው እንስሳ ማን ነው?

ሞና ሊዛን ማን ሣላት? ዳ ቪንቺ። በምድር ላይ ፈጣኑ እንስሳ? አቦሸማኔ። ጎንደርን የቆረቆረው ንጉሥ? ዐፄ ፋሲለደስ፣ በ1628 ዓ.ም.። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከድርቡሽ ያዳነው እንስሳ? ንብ።

ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ለጥያቄና መልስ ውድድር ስዘጋጅ እነዚህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፌ ሸምድጃቸው ነበር። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ "ጠቅላላ ዕውቀት" ተብለው በየቀኑ ይመጡልኛል፤ አራት ምርጫ፣ ጥቂት ሰከንድ። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ዘውግ ጋር ነው። (አዎ፣ ዘውግ ነው። የራሱ ቅርጽና የራሱ አንባቢ ያለው ነገር ሂስ ቢሠራበት ምን ነውር አለው?)

ጠቤ ከመጨረሻዋ ጥያቄ ጋር ነው። አያቴ ጎንደር ተወልዳ ያደገች ናት። እናቴ ደብተሬን ይዛ ስትጠይቀኝ እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ታዳምጥ ነበር። "ንብ!" ብዬ ስጮህ ቀና አለችና፣ "ለሌሎቹስ ንብ አልመጣላቸውም?" አለች። ማንም አልመለሰላትም። ደብተሬ ላይ የሌለ ጥያቄ ስለሆነ ወደሚቀጥለው አለፍን።

በጥር 1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የመሐዲስቶች ጦር፣ እኛ ድርቡሽ የምንለው ማለት ነው፣ ሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። የአርባ አራት ታቦት ከተማ የምትባለዋ ጎንደር ነደደች። ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ተወሰዱ፣ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። ደብረ ብርሃንን ግን ከግቢዋ የወጣ የንብ መንጋ ወራሪውን አባሮ አዳናት ይባላል። የእኛ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ መካከል የያዘችው ንቧን ብቻ ነው።

ዓምና ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና እንደ ማንኛውም ጎብኚ መጀመሪያ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች፣ በረድፍ በረድፍ። ይቺም በጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ናት፣ "ስንት ናቸው?" አንዱ ጋ 123 ይላል፣ ሌላው ጋ 135። እኔ ልለየው ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንገቴ ዛለ፣ ቁጥሩም ተምታታብኝ። በደንብ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሩቅ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ፊቶች ለካ አንድ አይደሉም። የአንዱ ዓይን ወደዚህ ያያል፣ የሌላው ወደዚያ፤ አንዱ የተገረመ ይመስላል፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ የደከመው።

በአገራችን የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ወግ አለው። ጻድቁ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ይዛችሁ እንደገና ቀና ካላችሁ ጣሪያው ሌላ ነገር ይሆናል። በጎን የተሣለ ፊት የለም። ሠዓሊው ቀና ብሎ የሚቆጥር ጎብኚ የሚመጣ አልመሰለውም፤ ከታች ቆሞ የሚጸልየውን ሰው ነው ያሰበው፣ ያም ሰው ከየትኛውም ጥግ ይታያል። ቁጥሩ 123 ይሁን 135 ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

"ማን ሠራት?" የምትለዋም ጉዷ አያልቅም። መልሱ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነው። ልክ ነው፣ መጀመሪያ የሠራት እሱ ነው። ያቺ ግን ክብ ነበረች፣ መብረቅ አወደማት፤ ዛሬ ገብተን የምናያት ባለ አራት ማዕዘኗ ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት።

የአያቴ ጥያቄ ትዝ ያለኝ እዚያ ቆሜ ነው። ደብረ ብርሃንን የጎንደር ሥዕል ቁንጮ እንላታለን፤ እኔም ብያታለሁ። ከምን ጋር አወዳድሬ? አጠገቧ የነበሩት ግድግዳዎች ነድደዋል። ከእነሱ በአንዱ ላይ ከእነዚህ የሚበልጡ መላእክት ነበሩ እንበል፤ የሣላቸው ሰው የዚህኛው መምህር ነበር እንበል። ንብ ስላልመጣላቸው ስለ እነሱ የሚጠየቅ ጥያቄ የለም። "ቁንጮ" የምንለው ግማሹ የሠዓሊው እጅ ነው፣ ግማሹ ከእሳት መትረፍ።

ደብተሬን ግን አልረግመውም። ያቺ የአንድ ቃል መልስ ባትኖር ጎንደር ድረስ ላልሄድ እችል ነበር። ፋሲል ግቢ ፎቶ ተነስቼ እመለስ ነበር፣ በቃ። የሚያናድደኝ መልሱ ማጠሩ አይደለም፤ ከመለሱ በኋላ ምንም የቀረ ነገር እንደሌለ ማስመሰሉ ነው። አያቴም አሁን የለችም፤ ብትኖር እንኳ "አልመጣላቸውም" ከማለት ሌላ ምን እላት ነበር?

ከቻናሉ አልወጣሁም። ባለፈው ሳምንት የንቧ ጥያቄ ድጋሚ መጣች፤ ሀ. አንበሳ፣ ለ. ንብ፣ ሐ. ዝሆን፣ መ. እባብ። "ለ"ን ነካሁ። አረንጓዴ በራ።