ባለቤቱ ማን ነው?
ስለ 1934 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል አነባበብ

የቅኔ መምህር ተማሪውን ገና ሲያስጀምረው ከሁሉ አስቀድሞ «የዚህ ቃል ባለቤቱ ማን ነው? ማሠሪያውስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪው ባለቤቱን ሳያገኝ ወደ ሰሙና ወደ ወርቁ ቢሮጥ፥ ቃላቱን አንድ ባንድ ቢያውቃቸው እንኳ የነገሩ መንገድ ይጠፋዋል። እኔም የአገራችንን የቅርብ ዘመን ታሪክ ሳነብ፥ ይልቁንም ጠላት ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም. እስከ 1937 ዓ.ም. ስላለው ጊዜ የተጻፈውን ሳነብ፥ ይህ የልጅነት ጥያቄ ዘወትር ይመጣብኛል። በነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ ነገር ባለቤቱ ማን ነበረ? ብዙዎቹ መጻሕፍቶቻችን ሚያዝያ 27 ቀን ላይ ነጻነት ገባ ብለው ምዕራፉን ይዘጉታል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ክርክር በሁለት መስመር አልፈው ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ መንገዱ ሥራ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ስለ ተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል፥ ከእርሱም ጋራ ስለ ተያያዘው የጦር ስምምነት፥ ደግሞም ያን ዘመን ስለ ጻፉት ሰዎች ጥቂት ቃል ለመናገር አስቤአለሁ። ውል የመንግሥት ወረቀት እንጂ ድርሰት አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር አልቃወመውም። ነገር ግን ቃሉ ተመርጦ አገባቡም ተመዝኖ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለመርማሪ ዓይን የተገባ ነው፤ ይልቁንም አገር የሚያህል ነገር በአንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥሎ ሲገኝ።

አስቀድሞ ስሙን እንመልከት። የእንግሊዝ ጦር ጣልያንን እየገፋ በያዘው አገር ላይ ያቆመው መሥሪያ ቤት፥ ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ፥ «የተያዘ የጠላት አገር አስተዳደር» ማለት ነው። ይህ ስም ለኤርትራና ለጣልያን ሶማልያ ቢሰጥ ብዙ አያስደንቅም። ነገር ግን ለኢትዮጵያም ተሰጠ። አምስት ዓመት ሙሉ ልጆችዋ በየዱሩና በየገደሉ የወደቁላት አገር በምን አገባብ የጠላት አገር ትባላለች? የእንግሊዝ ሕግ ዐዋቂዎች ግን አገባብ ነበራቸው። መንግሥታቸው በ1931 ዓ.ም. የጣልያንን ገዥነት በኢትዮጵያ ላይ ተቀብሎ ስለ ነበረ፥ በመዝገባቸው ኢትዮጵያ ከጣልያን እጅ የተወሰደች ምድር ሆና ተጻፈች። እርግጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በምክር ቤታቸው ሲናገሩ፥ መንግሥታቸው የኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት ተመልሶ መቆሙን በደስታ እንደሚቀበልና የንጉሠ ነገሥቱን የዙፋን መብት እንደሚያውቅ ገልጸዋል። ሆኖም በዚያው ንግግር ለጊዜው የጦር መሪነትና ቍጥጥር እንደሚያስፈልግ ጨመሩበት። ሁለቱ ነገሮች በአንድ አፍ መነገራቸው ለኋላው ክርክር ሁሉ ሥር ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፥ የእንግሊዝ ጦር ከተማይቱን ከያዘ አንድ ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ግንቦት 3 ቀን ሰባት ሚኒስትሮች ሾሙ። ወዲያው የእንግሊዙ የፖለቲካ ሹም ብርጋዴር ላሽ፥ ከጣልያን ጋራ የሰላም ውል ሳይፈረም ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም ሲሉ አስታወቁ። ነገሩ እንዴት እንደ በረደ አንባቢ ልብ ይበል። ሹመቱ አልተሻረም፤ ነገር ግን በእንግሊዝ በኩል ሚኒስትሮቹ ለጦር አስተዳደሩ አማካሪዎች ናቸው ተብሎ ተቈጠረ። በአማርኛ ሚኒስትር፥ በእንግሊዝኛ አማካሪ! በቅኔ ቤት አንድ ቃል ለሁለት ምሥጢር ሲቆም ኅብር እንለዋለን። ይህ ግን ኅብር አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ወንበር እየራሳቸው የኔ ነው ብለው መቈጠራቸው ነው። በዚያው ወር፥ ግንቦት 30 ቀን፥ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ዘመኑ በእውነት አዲስ ነበረ፤ የማን ዘመን እንደ ሆነ ግን ገና አልተቈረጠም ነበር።

እኛ በሐዋሳ የምንኖር ሰዎች እነዚህን ቀኖች ስንቈጥር ሌላም ነገር ልናስብ ይገባናል። ሐዋሳ ያን ጊዜ ገና ከተማ ሆና አልተቈረቈረችም፤ በዙሪያዋ ግን፥ ከሻሸመኔ ጀምሮ በሐይቆቹ አገር፥ ጦርነቱ አላለቀም። በአዲስ አበባ የሚኒስትሮቹ ሹመት ከሆነ ከስምንት ቀን በኋላ፥ ግንቦት 11 ቀን፥ ከእኛ በስተሰሜን ምዕራብ በአላባ ቁሊቶ በብላቴ ወንዝ ዳር የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ከጣልያን ታንኮች ጋራ ተዋጉ። ናይጄል ሊኪ የተባለ የሃምሳ አለቃ በሚሄድ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ የውስጡን ሰዎች ጣለ፤ ሌላውንም ሲከተል በዚያው ቀረ። መንግሥቱ የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ሰጠው። ከእርሱ ጋራ የተሰለፉት ብዙዎቹ ከኬንያና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ጥቍር ወታደሮች ነበሩ፤ የራሳቸው አገር በእንግሊዝ እጅ ሳለች ለእኛ አገር ነጻነት ወደቁ። የእነዚህን ስም በአማርኛ የጻፈልን ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እንግዲህ የእንግሊዝን ጦር ውለታ የሚክድ ጸሐፊ ዋሾ ነው፤ የእኔም ክርክር ከውለታው ጋራ አይደለም። ውለታው በምን ቃል እንደ ተጻፈና ዋጋውም በማን እጅ እንደ ተለካ ነው የምመረምረው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። በእንግሊዝ በኩል የፈረሙት ሰር ፊሊፕ ሚቸል ቀድሞ የኡጋንዳ አገረ ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ለአንባቢ ይጠቅመዋል። የውሉ መግቢያ ያማረ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ምስጋና ይመዘግባል፤ ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት እንደ ሆነች፥ እርሳቸውም ሕጋዊ ገዥዋ እንደ ሆኑ ያጸናል፤ ምክርና የገንዘብ ርዳታ ለመቀበል መፈቀዳቸውንም ይናገራል። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን የሚሻ ግን ወደ አንቀጾቹ ይውረድ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ በክብር ይቀድማል። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ሳይማከሩ ሌላ የውጭ አገር አማካሪ አይጨምሩም። በከፍተኛው ፍርድ ቤት የእንግሊዝ ዳኞች ይቀመጣሉ። እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ፥ በሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ርዳታው እያነሰ ይሄዳል። በጦር ስምምነቱ ደግሞ ኦጋዴን፥ ከፈረንሳይ ሶማሌ ወሰን አጠገብ ያለው ምድርና የባቡር ሐዲዱ መሬት በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ይቆያሉ።

በእነዚህ አንቀጾች ላይ የመምህሬን ጥያቄ ባቀርብ መልሱ ያስገርመኛል። በብዙው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ይስማማሉ፥ ይቀበላሉ፥ ያማክራሉ። ሰዋስው ብቻ ቢመረመር ኢትዮጵያ ባለቤት ናት፥ ምንም አልጐደለባትም። ነገር ግን ባለቤትነትዋ ሁሉ እሺ ለማለት ነው። የግእዝ ሰዋስው አድራጊን፥ ተደራጊንና አስደራጊን ይለያል፤ ንጉሥ ቤት አሠራ ስንል ድንጋዩን የተሸከመው ሌላ ነው፥ ሥራው ግን የንጉሥ ይባላል። በ1934ቱ ውል ንጉሠ ነገሥቱ በቃል አድራጊ ሆነው ተጽፈዋል፤ አስደራጊው ግን ጦሩ ነው። የዚህን አንባቢ ሊጠራጠር ቢፈልግ በዚያው ዘመን የሆነውን ይመልከት። በገበያው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወር ነበር፤ ጣልያን ትቶት የሄደው መኪናና የፋብሪካ ዕቃም የጦር ምርኮ ነው እየተባለ፥ መንግሥታችን እየተቃወመ፥ ከአገር ወጣ።

ለውሉም ግን ፍርድ እንስጠው። ከእርሱ በፊት የነበረው «የጠላት አገር» የሚለው ስም በእርሱ ተሰረዘ። ከተፈረመ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ መንግሥቱ በራሱ ስም ሕግ ማወጅ ጀመረ። ደግሞም በመጨረሻው በኩል ከሁለት ዓመት በኋላ ከሁለቱ ወገን አንዱ የሦስት ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ተጽፎአል። በእኔ ግምት ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ቃል ይህ ነው። ቤቱ የጠበበ ቢሆንም መውጫ በር አለው።

ይህን ዘመን ከጻፉት የውጭ ሰዎች መካከል አስቀድሜ የማነሣው ሎርድ ሬኔልን ነው፤ አስተዳደሩን ራሳቸው የመሩ ሰው ናቸውና። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን ታተመ። ርእሱ በአፍሪካ በጦርነት ስለ ተያዙ አገሮች የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር የሚል ነው፤ ኢትዮጵያም ከእነዚያ ከተያዙት አገሮች መካከል ገብታለች። ስሙ ከውሉ ቢሰረዝም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ዳግመኛ መጣ ማለት ነው። በ1936 ዓ.ም. ገደማ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን አማካሪ የሆኑት አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ለእኛ ይከራከራሉ፤ ነገር ግን ርእሳቸው ኢትዮጵያን በውሾች ተከባ መሄጃ እንዳጣች አውሬ ያሳያታል። አንደኛው የተያዘች አላት፥ ሁለተኛው የተከበበች። ወዳጁም ጠበቃውም ተደራጊ አድርገው ጻፏት። በራሳችን ቋንቋ አድራጊ ሆኖ የጻፈው ጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነው፤ ማስታወሻውን የጻፈው ግን በ1967 ዓ.ም. ከመገደሉ በፊት ታስሮ ለመርማሪዎች መልስ ሲሰጥ ነው። በመርማሪ ፊት የሚጻፍ ቃል ይቸኵላል፤ ይህን ያሰበ አንባቢ ከአንዳንዱ ገጽ አጭርነት ጋራ አይጣላም።

የእኛ ደራስያን ዝምታ ግን ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሁለተኛውን ውል በኢትዮጵያ በኩል የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው በዘመኑ ከታወቁት ደራስያን አንዱ ናቸው፤ ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕትነት «የደም ድምፅ» የተባለ ተውኔት ጽፈዋል። ጣልያን የገደለውን ጳጳስ ለመጻፍ እጃቸው አልታሰረም። ከወዳጅ መንግሥት ጋራ በጠረጴዛ ዙሪያ የተደረገውን ክርክር ግን፥ እስካነበብሁት ድረስ፥ በድርሰታቸው አላገኘሁትም። በሌሎቹም ዘንድ እንደዚሁ ነው። በጠላት ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ረድቶህ ሲያበቃ ከቤትህ ባልወጣ እንግዳ ላይ መጻፍ ግን ብልኀት ይፈልጋል። ያ ብልኀት ደግሞ አልነበረንም ማለት አይቻልም፤ ቅኔ በንጉሥ ፊት ቆመው ንጉሥን የሚወቅሱበት መሣሪያ ነውና። በየአድባራቱ የተቀኙ ሊቃውንት ይኖራሉ፥ ቅኔውም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ጠፍቶ ይሆናል። የታተመው ግን ዝም ብሎአል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርዴ ይጎድላል። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተነሣውን፥ ዛሬ ቀዳማይ ወያነ የሚባለውን ዐመፅ ለማጥፋት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእንግሊዝን አውሮፕላን ጠየቀ፤ ከዓደን የተነሡ አውሮፕላኖችም መቀሌን ደበደቡ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱን ፈልጉ። ቦምቡን የጣለው እንግሊዝ አድራጊ ነው፤ አስደራጊው ግን የራሳችን መንግሥት ሆነ። እንግዳው ይውጣልኝ እያለ የሚከራከረው መንግሥት በዚያው ወራት በእንግዳው ክንድ የገዛ ሕዝቡን መታ። ይህን ገጽ ዘለው የእንግሊዝን ትዕቢት ብቻ የሚጽፉ ሰዎች መጽሐፋቸው ግማሽ ነው፤ ይህን ብቻ ይዘው የንጉሠ ነገሥቱን ክርክር ከንቱ የሚያደርጉም እንደዚሁ።

መንግሥታችን ያን የመውጫ በር የከፈተው በግንቦት 1936 ዓ.ም. ነው። ማስታወቂያው ተሰጠ፤ ሎርድ ደ ላ ዋር ከለንደን መጡ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈረመ። የመልእክተኛው ቀዳሚነት ቀረ፤ አማካሪ የመምረጡ ነገር ወደ መንግሥቱ ተመለሰ፤ የባቡር ሐዲዱም ተመለሰ። ኦጋዴንና የተከለለው ምድር ግን አልተመለሱም። አገባቡ ግን ተለውጦአል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር ጓደኛ እንደ መሆኑ ለጦርነቱ መፋጠን ሲል፥ ባለቤትነቱ ሳይነካ፥ ምድሩ ለጊዜው በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር እንዲቆይ ተስማማ ይላል። እንደ ቀድሞው «ተስማማ» የሚል ግሥ ነው። ነገር ግን ከግሡ በፊት «ባለቤትነቱ ሳይነካ» የሚል ቃል ገባ፤ ይህ ቃል በኋላ ለተደረገው ክርክር ሁሉ መያዣ ሆነ። ጦርነቱ በ1937 ዓ.ም. አለቀ፤ «ለጊዜው» የተባለው ግን አላለቀም። የኦጋዴን አብዛኛው ክፍል በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰ፤ ሐውድና የተከለለው ምድር ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በተፈረመ ሌላ ስምምነት መሠረት የካቲት 21 ቀን 1947 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ለቀቃቸው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቈጥር አሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ገደማ የቀረው ጊዜ ያገኛል።