ከስሌት የወጡ ሕሙማን፦ በሚጥል በሽታ ሕክምና ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሕክምና ጥናት በመደምደሚያው የሚያሰፍረው መቶኛ ከመጠቀሱ በፊት ለየትኞቹ ሕሙማን እንደ ተሰላ ሊመረመር ይገባል። ይህ በማናቸውም ዘርፍ የሚሠራ ቢሆንም፣ መድኃኒትን ለዓመታት ሳያቋርጡ መውሰድን በሚጠይቀው በሚጥል በሽታ ላይ ልዩ ክብደት አለው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት 60,820 ሰዎች ተዳሰው 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታውቋል፤ ይኸውም ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። የጥናቱ ዋነኛ ብርታት ሕሙማኑን በሆስፒታል በር ላይ ሆኖ አለመጠበቁ ነው። ቤተሰብ ሐፍረትን ፈርቶ ሕመምተኛውን በሚሸሽግበት አካባቢ፣ ከካርድ ክፍል መዝገብ ብቻ የሚነሣ ቆጠራ ብዙዎቹን ባላገኛቸው ነበር። ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ተገቢውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ፣ ማለትም አምስት ያህል ሰዎች ብቻ መሆናቸው ነው።

ይህን መሰሉን ክፍተት መሙላት እንደሚቻል በማሳየት ረገድ ተጠቃሽ የሆነው በኬንያ ናኩሩ አካባቢ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1991 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት ነው። በሕክምና ላይ ያልነበሩ 302 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ፌኖባርቢታል፣ ከፊሎቹ ካርባማዜፒን ወስደዋል። ዓመቱን ከጨረሱት 249 ሕሙማን 53 በመቶው በሁለተኛው መንፈቅ አንድም ጊዜ ሕመሙ አልጣላቸውም፤ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከልም የጎላ የፈዋሽነት ልዩነት አልታየም። ዋጋው ርካሽ የሆነው ፌኖባርቢታል በገጠር ሊታመንበት እንደሚችል መረጋገጡ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።

ይሁን እንጂ 302 ጀምረው 249 ከጨረሱ፣ 53 ሕሙማን ከስሌቱ ወጥተዋል ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ እንዳልተሻላቸው ተቆጥሮ ስሌቱ ለጀመሩት በሙሉ ቢሠራ፣ ውጤቱ ወደ 44 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። መሠረታዊ ሥልጠና ባገኙ የጤና ባለሙያዎች አማካይነት በቻይና ገጠር 2,455 ሕሙማንን በፌኖባርቢታል ያከመውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናትም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። በ68 በመቶው ላይ ሕመሙ የሚጥልበት ጊዜ ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ የተባለው አሥራ ሁለት ወር ከጨረሱት መካከል ነው። የጨረሱት ውጤት መድኃኒቱ እንደሚሠራ ይመሰክራል፤ አንድ ጤና ጣቢያ ሕክምናውን ቢጀምር ምን ያህል ሕሙማን እንደሚጠቀሙ ለማወቅ ግን የጀመሩትን በሙሉ መቁጠር ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የሒሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ሊመለስ፣ ሳያባራ የሚቀጥልና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ጀምሮ የጠፋ ሕመምተኛ ከናካቴው ካልጀመረው የባሰ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንዱ መድኃኒቱ ከመደብር ስላለቀ፣ ሌላው መንገዱ ስለራቀበት፣ ሌላው እንቅልፍ እንቅልፍ ስላለው፣ ሌላው ደግሞ ጠበል ሲገባ እንዲተው ስለተነገረው ሊቀር ይችላል። ከመጀመሪያውም በሽታው የሚጥል በሽታ ሳይሆን ከልብ ወይም ከደም ግፊት መውረድ የመጣ ራስን መሳት ስለሆነ መድኃኒቱ ያልረዳው ሊኖር ይችላል። የምርመራው መሠረት ሲጥለው ያየ ሰው የሚሰጠው ዝርዝር ታሪክ በመሆኑና የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ውጤት ደኅና መሆን በሽታውን ስለማያስቀር፣ የምርመራ ስሕተትም ከጠፉት መካከል ሊደበቅ ይችላል።

በመሆኑም ወደፊት የሚካሄዱ ጥናቶች የበሽታውን ስርጭት ደግመው ከመቁጠር አልፈው፣ ሕክምና የጀመሩትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሊከታተሉና የቀሩበትን ምክንያት ለይተው ሊያሰፍሩ ይገባል። ይህ ሥራ ተመራማሪ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻውም። በየጤና ጣቢያው መዝገብ የተጀመረበት ቀን፣ የመጨረሻው ጉብኝትና የቀረበት ምክንያት ከተጻፈ፣ ቀጠሮው ያለፈበትን ሕመምተኛ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማካይነት ማፈላለግ ይቻላል። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲቃረብ አስቀድሞ መጠየቅም ሆነ የመጀመሪያውን ምርመራ ዳግመኛ ማየት የሚቻለው የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።