ድሎትና ጥበት፤ በባሕር ዳር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሳሎን ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ሶፋና ስለ መጋረጃ መጻፍ ለምርምር መጽሔት የማይመጥን መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰው ለራሱና ለእንግዳው ያለው አሳብ ከሚገለጥባቸው ነገሮች አንዱ የቤቱ አሰናዳድ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩን ከቁም ነገር ቆጥረን ልንመረምረው ይገባናል።

በ1990ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ባሕር ዳርንም አዳርሷል። በፕሮግራሙ አመዳደብ ባለ አንድ መኝታው ቤት ከ20 እስከ 30፥ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ መኝታው፥ ማድ ቤቱና መታጠቢያው ሲቀነስ ለሳሎን የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚህችው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የምናየው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ሶፋ፥ ባለ መስተዋት ቡፌ፥ ከጣራው ተደራርቦ የወረደ ጂፕሰም፥ በመስኮቱም ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ነው።

ይህን ባደረገው ሰው ልንስቅ አይገባንም። ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የጠበቀ ሰው ቤቱን ሲረከብ «ደረስሁ» ማለቱ ነው፤ ሶፋውም ምስክሩ ነው። ምኞቱን አንነቅፍም። ነቀፌታችን ለሰፊ ቪላ የተሠራ ዕቃ በጠባብ ክፍል ሲገባ ባለቤቱን አገልጋዩ ስለሚያደርገው ነው።

ጉዳቱ የሚታወቀው ቡና በሚፈላበት ሰዓት ነው። ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት፥ ረከቦቱና የከሰል ማንደጃው የሚያርፍበት ወለል ስለሌለ ቡናው ወደ ኮሪደር ይሰደዳል። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይቀመጥና የቀረው በደረጃው ላይ ይቆማል። ለእንግዳ ክብር ተብሎ የተገዛው ዕቃ እንግዳውን ከደጅ አስቀረው ማለት ነው። እርግጥ ጥፋቱ የነዋሪው ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት አስቦ ነበር፤ ለዕለት ቡና ግን ያለው ያው ሳሎኑ ነው።

ከከተማው ብዙ ሳንርቅ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሚገኘው ክብ ቤተ ክርስቲያን በዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ ሥዕሉ የተሰበሰበው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ የውጭው ግድግዳና ወለሉ ጌጥ አልበዛባቸውም። ዐይን የሚያርፍበት ስፍራ ስላገኘ የሥዕሉ ብዛት አያደክመውም። መቅደስን ከሳሎን ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ጌጥ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሌላው ሲተውለት ግርማ እንደሚያገኝ ማሳየታችን ነው። በገጠሩም ቤት መደቡ ቀን መቀመጫ፥ ሌሊት መኝታ ነው፤ ሰፌዱም ከሥራ ሲመለስ በግድግዳው ተሰቅሎ ጌጥ ይሆናል።

ስለዚህ ከሥሩ ዕቃ የሚያስቀምጥ ዝቅተኛ የእንጨት መደብ፥ ጥቂት በርጩማ፥ በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ የተሰበሰበ ጌጥ፥ ማታም ዝቅ ብሎ የሚበራ ለስላሳ መብራት፥ ጠባቡን ክፍል ከብዙ ጂፕሰም ይልቅ ያሞቁታል። ለመስኮቱ ስስ የጥጥ መጋረጃ ይበቃዋል። ከኢጣሊያ የጦር ካሣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ለጥጥ ባዕድ ልትሆን አይገባትም።

አንድ ነገር ይቀራል። የወይጦ ማኅበረ ሰብ ባለሙያዎች ከጣና ደንገል ታንኳና ቅርጫት ይሠራሉ። ቱሪስት ይህን ሥራ ለማስታወሻ ገዝቶ ባሕር ሲያሻግረው፥ የከተማችን ሰው በሳሎኑ ሊያኖረው ብዙ ጊዜ ያፍራል። ኀፍረቱ ከዕቃው መናኛነት የመጣ አይመስለንም፤ በሠሪዎቹ ላይ ለዘመናት ከቆየው ንቀት የመጣ ነው እንላለን። እንግዲህ የሳሎን ጉዳይ የውበት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ጓደኞቻችን በየሕንፃው እየዞሩ አንድ ሳሎን ዕቃ ሳይገባበትና ከገባበት በኋላ ስንት ሰው እንደሚያስቀምጥ ቢቈጥሩ፥ ከዚህ ሒስ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ ያገኛሉ።