ደብተሩ ሞልቷል፤ ልጅቷስ?

መቼም በዚህ አገር ስለ ትምህርት ጥራት የማያወራ ሰው የለም። እኔም ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስንቴ ፈርጄያለሁ መሰላችሁ! አንድም ቀን ግን የአንድ ልጅ ደብተር ከሰኞ እስከ ዓርብ ገልጬ አይቼ አላውቅም ነበር። እህቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥታ የ4ኛ ክፍል ልጇን አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ባትተዋት ኖሮ ዛሬም እንደዚያው ስፈርድ እኖር ነበር።

ሰኞ ማታ አማርኛ ነው። «ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው» የሚለውን ሦስት ጊዜ ገልብጣለች። ቅጽል ምንድን ነው ብላት በአንድ ትንፋሽ አነበነበችልኝ። «እስቲ ይቺን ድመት በቅጽል ግለጪልኝ» ስላት ግን ዝም! ይህችው ልጅ እኮ ከአምስት ደቂቃ በፊት ድመቷን «ወፍራም፣ ሰነፍ፣ ሌባ» እያለች ስትሰድባት ነበር።

ማክሰኞ ሒሳብ። አንድ አራተኛ ሲደመር ሁለት አራተኛ ይላል። እሷ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ሦስት ስምንተኛ አለች። እራት ላይ አንድ ዳቦ አራት ቦታ ቆረስኩ። አንዱን እሷ በላች፣ ሁለቱን ልጄ ወሰደ። «ስንቱ ተበላ?» አልኳት። «ሦስት ሩብ» አለች፣ ሳታስብ። «ታዲያ ደብተርሽ ላይ ለምን ሦስት ስምንተኛ አልሽ?» ብላት በአላዋቂነቴ አዝና አየችኝ። «ጋሼ ደግሞ! ያ ዳቦ ነው፤ ይሄ ሒሳብ ነው።»

ይህን መልስ ልብ በሉልኝ። ልጅቷ ደደብ አይደለችም። በቤት የሚሠራ አንድ ጭንቅላት፣ በትምህርት ቤት የሚሠራ ሌላ ጭንቅላት እንዳለ አምናለች።

ረቡዕ አካባቢ ሳይንስ ነበር። ስሙ ራሱ አካባቢ ነው፤ የተፈጥሮውንና የኅብረተሰቡን ትምህርት አዋሕዶ ልጁ ከደጁ ያለውን እንዲያውቅ የታሰበ። የአፈር መሸርሸር መንስኤዎች በአራት ነጥብ ተጽፈዋል። ውጭ ዶፍ እየጣለ ነው፤ በበራችን በኩል ቡናማ ጎርፍ ይወርዳል። መስኮቱን ከፍቼ «ያ ምንድን ነው?» አልኳት። «ጭቃ» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና «ግን የት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች። የሳምንቱ ብቸኛ ጥያቄዋ ነበር። እኔ ምን አልኩ? ስልክ እየጎረጎርኩ ነበርና «አሁን የቤት ሥራሽን ጨርሺ!»

ሐሙስ እንግሊዝኛ። ስለ ገበያ የሚያወራ ምንባብ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ገልብጣለች። አንብቢልኝ ስላት ከሁለተኛው መስመር አላለፈችም። ለካ አልጻፈችውም፤ ሥዕል ነው የሳለችው! በዓርቡ የጥበባት ክፍለ ጊዜ ደግሞ የዜማ ትርጉም ነው የተጻፈው። ዘፍናችሁ ነበር ወይ ስላት ሳቀችብኝ።

ዓርብ ልወስዳት ስሄድ መምህሯን ጠበቅኳት። ወጣት ናት። ንዴቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ የዳቦውንም ታሪክ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ልጆቹን ግቢ አውጥቼ አጥር አስለካኋቸው። በማግስቱ ሦስት ወላጆች መጥተው ‹ደብተሩ ላይ ለምን ምንም አልተጻፈም?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አስጽፋለሁ።»

የምለው ጠፋኝ። እኔስ የልጄን ደብተር ሳይ የምቆጥረው ገጹን አይደለም እንዴ?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ጉድ አለ። ሁላችንም ፈተናውን፣ ሚኒስቴሩን፣ መምህሩን ወቀስን። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ ያ ውጤት በአንድ ጀንበር ከሰማይ አልወረደም። «ያ ዳቦ ነው፤ ይሄ ሒሳብ ነው» እየተባለ 12 ዓመት የተጠራቀመ ነው።

አንዳንዱ «ምን ይደረግ፣ ሽምደዳ የአባቶቻችን ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። አዎ፣ የኔታ ዘንድ ዳዊት ይደገማል፤ ቃል በቃል ይያዛል። ግን እዚያው ቅኔ ቤት ግቡ። ተማሪው ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የሚያሰማው የራሱን ነው፤ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናም ትሁን፣ የራሱ! የሌላ ሰው ቅኔ ገልብጦ ቢቀርብ ማን ይሰማዋል? ከአባቶቻችን መድገሙን ወርሰን መፍጠሩን ጥለን፣ «ባህላችን ነው» ማለት አያምርብንም።

ሌላ ፖሊሲ ይውጣ እያልኩ አይደለም፤ ፖሊሲ አላነሰንም። የተማሪው ቁጥር መቀነስ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ይህንን መጠየቃችንን አንተው። ለእኛ ለወላጆች ግን ቀላሉ ቀርቶናል። ልጁ አጥር ለክቶ በባዶ ደብተር ሲመጣ፣ ትምህርት ቤት ሮጠን መምህሯን ባንከስስ ምናለበት?

ቅዳሜ ጠዋት ዕዳዬን ልክፈል ብዬ ልጅቷን ይዣት ወጣሁ። ጎርፉ የወረደበትን ተከትለን ቦዩ ጋ፣ ከቦዩ ወንዙ ጋ ደረስን። ይህ ውኃ ወደ አቃቂ እንደሚሄድ፣ አቃቂ አዋሽ እንደሚገባ፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚቀር ነገርኳት። አፈራችንንም ይዞ። ዓይኗ በራ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደብተሯን ከቦርሳዋ ስታወጣማ ልቤ ሞላ።

«ጋሼ፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለችኝ።

«አይመጣም» አልኳት።

ደብተሯን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።