የአገር ቋንቋና የባዕድ ጆሮ

በየዓመቱ የግንቦት ወር ሲቃረብ በኤውሮፓ ከተሞች አንድ ታላቅ ክርክር ይነሣል። የክርክሩም መነሻ የመንግሥት ጉዳይ ወይም የገበያ ነገር ሳይሆን ዘፈን ነው። «ዩሮቪዥን» የተባለው የአገሮች የዘፈን ውድድር በቴሌቪዥን ከመታየቱ ከብዙ ሳምንታት አስቀድሞ፥ ወዳጆቹ እያንዳንዱን ዘፈን ደጋግመው ይሰማሉ፤ ይመዝናሉ፤ ማን እንደሚረታም ይተነብያሉ። በ1984 በፊንላንድ አገር የተመሠረተው የነዚሁ ወዳጆች ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፎች ያሉት ሲሆን፥ አባሎቹ ከውድድሩ ቀን በፊት ድምፅ ሰጥተው የራሳቸውን አሸናፊ ይሰይማሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

ከክርክራቸው አብዛኛው ስለ መብራቱና ስለ አልባሳቱ፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ ድምፅ ስለ መስጠቱና ስለ ዳኞች አድልዎ ነው። ይህንን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ መካከል ሥነ ጽሑፍን የሚወድ ሰው ሊያልፈው የማይገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ ዘፋኝ ቋንቋውን በማያውቅ ሕዝብ ፊት ሲቆም በገዛ ቋንቋው ይዝፈን፥ ወይስ ሁሉ ይረዳልኛል ብሎ በሚያስበው በባዕድ ቋንቋ ይዝፈን የሚለው ነው። ውድድሩ ይህን ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያነሣና ሲጥል ስለ ኖረ፥ ከታሪኩ ብዙ ትምህርት ይገኛል።

ውድድሩ የተጀመረው በ1956 በስዊስ አገር በሉጋኖ ከተማ ነው። በ1950 የተቋቋመው የኤውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት፥ የኢጣልያን የሳን ሬሞ የዘፈን በዓል አርአያ አድርጎ፥ አንድን ትርኢት በአንድ ሰዓት በብዙ አገሮች ለማሳየት በማሰብ ያቋቋመው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት አገሮች ሁለት ሁለት ዘፈን አቅርበው፥ የስዊሷ ሊስ አሲያ በፈረንሳይኛ ዘፍና አሸነፈች። በዚያን ጊዜ ስለ ቋንቋ የወጣ ደንብ አልነበረም፤ ሰው በገዛ ቋንቋው መዝፈኑ እንደ ተራ ልማድ ይቆጠር ነበር። በ1965 ግን የስዊድኑ ኢንግቫር ቪክሴል በእንግሊዝኛ ስለ ዘፈነ፥ ከ1966 ጀምሮ እያንዳንዱ አገር በራሱ ቋንቋ እንዲዘፍን ደንብ ወጣ። ይህ ደንብ በ1973 ተነሣ፤ በሚከተለውም ዓመት አባ የተባሉት የስዊድን ዘፋኞች በእንግሊዝኛ አሸነፉ። በ1977 ደንቡ ተመለሰ፤ በ1999 ዳግመኛ ተሻረ፤ ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም።

ደንቡ ለአገር ቋንቋ ዘብ ቆሞ ነበር ቢባል እውነት ነው። ሆኖም ዘብነቱ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው፥ «የአገር ቋንቋ» ሲባል የማን ቋንቋ እንደ ሆነ የሚወስነው ባለሥልጣን እንጂ ዘፋኙ አለመሆኑ ነው። በ1968 እስፓንያን እንዲወክል የተመረጠው ዡዋን ማኑዌል ሴራት በእናቱ ቋንቋ በካታላንኛ ካልሆነ አልዘፍንም ባለ ጊዜ፥ የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት አልፈቀደለትም። በእርሱ ፈንታ ማሲዬል የተባለችው ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን በእስፓንኛ ዘፍና ለንደን ላይ አሸነፈች። ካታላንኛ በዚያ መድረክ ለመሰማት እስከ 2004 ድረስ ጠበቀ፤ ያን ጊዜም ያሰማችው እስፓንያ ሳትሆን ትንሿ አገር አንዶራ ነበረች።

ሁለተኛው ጉድለት፥ ደንቡ ለሁሉ እኩል መስሎ ሳለ ለሁሉ እኩል አለመክበዱ ነው። የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ደንቡን እያከበሩ፥ ብዙ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይዘፍኑ ነበር። ከ1992 እስከ 1998 ከተደረጉት ሰባት ውድድሮች አራቱን አየርላንድ፥ አንዱን እንግሊዝ ወሰዱ። በ1995 ያሸነፈችው ኖርዌይ ደግሞ ያቀረበችው ዜማ አብዛኛው ክፍል የቫዮሊን ድምፅ ሆኖ፥ በውስጡ የነበሩት የኖርዌይ ቃላት 24 ብቻ ነበሩ። ከዚያም በፊት በ1968 ያሸነፈው ከላይ የጠቀስነው የእስፓንያ ዘፈን አርእስቱ «ላ ላ ላ» የሚል ነበር። ቃሉ እንዳይገባ የሚፈራ ሰው ወደ ዝማሬ ድምፅ ይሸሻልና፥ ደንቡ ቋንቋን ቢያስገድድም ቋንቋን ማስወደድ አልቻለም።

በ1999 ነፃነት በተሰጠ ጊዜ የሆነውን ነገር ያለ አድልዎ መናገር ይገባል። እስከ 2006 ድረስ የነበሩት ስምንት አሸናፊ ዘፈኖች ሁሉ በእንግሊዝኛ የተዘፈኑ ናቸው፤ የ2004ቱ ብቻ ዩክሬንኛ ተቀላቅሎበታል። ኢስቶንያ፥ ላትቪያ፥ ቱርክ፥ ግሪክና ፊንላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የድልን ጽዋ ያነሡት በዚህ ዘመን በእንግሊዝኛ ነው። ከ1999 እስከ 2025 ከተደረጉት 26 ውድድሮች መካከል ምንም እንግሊዝኛ ሳይጨምሩ ያሸነፉት አራት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ቍጥርን ብቻ የሚያይ ሰው፥ «ነገሩ አልቋል፤ የሚረታው እንግሊዝኛ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዘፈን በቍጥር ብቻ አይመዘንም። እነዚያን አራቱን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል። በ2007 ሰርቢያ ለብቻዋ ነፃ አገር ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወዳደር፥ ማሪያ ሼሪፎቪች «ጸሎት» የሚል ትርጉም ያለውን ዘፈን ኮትና ሱሪ ለብሳ፥ ዘዬ ሳታበዛ፥ በሰርብኛ ዘፈነች። ቃሏን ያልሰማው ሕዝብ ልመናዋን ሰማ። በ2017 የፖርቱጋሉ ሳልቫዶር ሶብራል እኅቱ የደረሰችለትን የፍቅር ዘፈን ይዞ በኪየቭ ቀረበ። ታላቁን መድረክ ትቶ በሕዝቡ መካከል በተሠራ ትንሽ መድረክ ላይ ብቻውን ቆመ፤ ጭፈራም እሳትም አልነበረውም። ፖርቱጋል በ1964 መወዳደር ከጀመረች 53 ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ከባለሙያ ዳኞችም ከሕዝቡም አንደኛ ሆና 758 ነጥብ አገኘች፤ ይህን ያህል ነጥብ ያገኘ እስከ 2025 ድረስ የለም።

በ2021 በሮተርዳም የሆነው ከዚህም ይበልጥ ያስደንቃል። አንደኛ የወጡት ማኔስኪን የተባሉት ኢጣልያውያን በኢጣልያንኛ፥ ሁለተኛዋ ባርባራ ፕራቪ በፈረንሳይኛ፥ ሦስተኛ የወጣው የስዊስ ዘፋኝ እንዲሁ በፈረንሳይኛ ዘፈኑ። አምስተኛ የወጣችው ዩክሬን የገጠሯን የፀደይ ዘፈን በዩክሬንኛ አሰማች። በ2022 ዩክሬን ስለ እናት በተደረሰ ዘፈን አሸነፈች፤ በዚህኛው ድል የጦርነቱ ኀዘኔታ ብዙ ድምፅ እንደ ጨመረላት መካድ አይገባም።

በ2023 በሊቨርፑል የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ በወዳጆቹ ዘንድ አልበረደም። ነጥብ የሚሰጡት ወገኖች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በየአገሩ የሚመረጡት የሙዚቃ ባለሙያዎች፥ ሁለተኛው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ለፊንላንዱ ዘፋኝ ለከሪያ 376 ነጥብ ሰጥቶ አንደኛ አደረገው፤ ዳኞቹ ግን ለስዊድኗ ሎሪን 340 ሰጥተው፥ በጠቅላላው እርስዋ በ583 ለ526 ረታች። እርሱ የዘፈነው ከኤውሮፓ ሕዝብ እጅግ ጥቂቱ በሚያውቀው በፊንላንድኛ ነው፤ እርስዋ በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዳኞቹ በቋንቋ አደሉ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን «ሕዝቡ አይሰማንምና ቋንቋችንን እንተው» የሚለው ምክንያት በዚያ ሌሊት መሠረቱ ተናግቷል፤ ያልሰማውን ቋንቋ የመረጠው ሕዝቡ ራሱ ነውና። ስዊድንም ብትሆን ከ1998 ወዲህ በቋንቋዋ ዘፍና የማታውቀው አገር፥ በ2025 በፊንላንድ የሚኖሩ ሦስት የስዊድንኛ ተናጋሪዎችን ልካ፥ በሰፈራቸው ዘዬ ስለ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት የተደረሰ የቀልድ ዘፈን አሰምታ አራተኛ ወጥታለች።

ቃሉ የማይገባው ሰው ምኑን ሰምቶ ይወዳል? መልሱ ከቋንቋ ጠባይ የሚገኝ ይመስለናል። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ እስትንፋስ አለው። በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ መናገርን፥ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ «ገና» የሚለውም እንዲሁ አንድ ጊዜ ጊዜው አለመድረሱን፥ አንድ ጊዜ በዓሉን ይነግረናል። ዜማ ደራሲው ይህን ካላወቀ ጠባቂውን አላልቶ ቃሉን ይሰብረዋል። በፊንላንድኛም የድምፅ መርዘምና ማጠር ትርጉምን ይለውጣል። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲዘፍን እስትንፋሱ የሚያርፈው አሳቡ በሚያርፍበት ነው፤ ድምፁን የሚያነሣው ቃሉ በሚከብድበት ነው። ባዕዱ አድማጭ ትርጉሙን ባያውቅም ይህን መገጣጠም ጆሮው ያውቀዋል። በተውሶ ቋንቋ የሚዘፍን ግን፥ ቋንቋውን እንደ ገዛ ልብሱ ካልለመደው በቀር፥ ቃሉንና ዜማውን ለየብቻ ተሸክሞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ክፍተቱን እንዲሞላ እሳትና ጢስ ይጠራል።

ይህን ለማወቅ የእኛም አገር ሰው ምስክር አያጣም። ግጥሙን ሰምቶ ሰሙንና ወርቁን የሚለይ፥ ዘፋኝን በስንኙ የሚመዝን ሕዝብ ሆኖ ሳለ፥ የሱዳኑን መሐመድ ወርዲን ዐረብኛ ሳያውቅ እንባው እስኪመጣ ይሰማው ነበር። በተቃራኒው ደግሞ በ1986 የማሕሙድ አሕመድ የአማርኛ ዘፈኖች በቤልጅግ አገር በሸክላ ታትመው ወጡ፤ ከ1990ዎቹ ማለቂያ ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፓሪስ በተከታታይ የታተሙት የቀድሞ ዘፈኖቻችን ብዙ የኤውሮፓ ወዳጆች አፍርተዋል። እነዚህ ሰዎች አማርኛ አያውቁም፤ ማንም በእንግሊዝኛ ተርጕሞ ይዘፈንልን አላለም።

ስለዚህ ነው በ2020 የሆነው ነገር የሚቆጨን። እስራኤል የኅብረቱ አባል በመሆኗ በውድድሩ ትካፈላለች። በዚያ ዓመት እንድትወክላት የመረጠቻት በኢየሩሳሌም የተወለደችውን ቤተ እስራኤላዊት ኤደን አለነን ሲሆን፥ የተመረጠላት ዘፈን ዶሮን መዳልየና ኢዳን ራይኽል የደረሱት፥ አርእስቱም በአማርኛ «ፍቅር ልቤ» የተባለ ነበር። ሙሉ የአማርኛ ዘፈን ነው ማለት አይቻልም፤ እንግሊዝኛ፥ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ተቀላቅለውበታል። አርእስቱንም ቢሆን የሰዋስው ሰው «የልቤ ፍቅር» ቢባል ይሻል ነበር ሊል ይችላል። ቢሆንም ቅሉ በቤቷ የሚነገረው ቋንቋ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ሊሰማ ተቃርቦ ነበር። ዘፈኑ በማርች 3 ቀን ተመርጦ በማርች 18 ቀን ውድድሩ በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ፤ የዚያ ዓመት ዘፈኖችም በሚከተለው ዓመት እንዳይቀርቡ ተወሰነ።

በ2021 ዘፋኟ ራሷ ተመልሳ ቀረበች፤ አማርኛው ግን አልተመለሰም። የተመረጠላት ዘፈን «ነፃ ልቀቀኝ» የሚል አሳብ ያለው፥ ጥቂት ዕብራይስጥ ጣል የተደረገበት የእንግሊዝኛ ዘፈን ነበር። ድምፅዋ ብዙ ዘፋኝ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ወጣ፤ ችሎታዋን የሚጠራጠር የለም። ዘፈኑ ግን ከመቶ ሌሎች ዘፈኖች የሚለየው ነገር አልነበረውምና በ93 ነጥብ 17ኛ ሆነ። ያ ዓመት፥ ከላይ እንዳልነው፥ ሦስቱ የመጀመሪያ ቦታዎች በኢጣልያንኛና በፈረንሳይኛ የተያዙበት ዓመት ነበር። «ፍቅር ልቤ» ቢቀርብ ኖሮ ያሸንፍ ነበር ለማለት አንደፍርም። ሕዝቡ በቋንቋው ለሚዘፍን ጆሮውን በከፈተበት ሌሊት፥ ሌላ ማንም የማያመጣውን ቃል ማምጣት የምትችለው ዘፋኝ ሁሉ የሚያመጣውን ይዛ እንድትቀርብ መደረጉ ግን የመራጮቹ የማመዛዘን ጉድለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። ደንብ ቋንቋን አያድንም፤ ሴራትን ዝም ያሰኘውም ደንብና ሥልጣን ነበር። ስለዚህ የ1999 ነፃነት መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ እንግሊዝኛን የለመደ ሁሉ ቢዘፍንበትም ነውር የለበትም። ነውሩ፥ የገዛ ቋንቋውን የሚያውቅ ዘፋኝ የባዕድ ጆሮ ይንቀዋል ብሎ አስቀድሞ ራሱ ሲንቀው ነው። ዛሬ ወደ ውጭ አገር መድረክ የሚጠሩ ዘፋኞቻችንና ግጥም ደራሲዎቻችን፥ ከጉዞው በፊት «ይህን በእንግሊዝኛ ብናደርገው ይሻላል» የሚል መካሪ ሲመጣባቸው፥ የፖርቱጋልን 53 ዓመት ትዕግሥት፥ የሮተርዳምንም ሌሊት ቢያስታውሱ መልካም ነው። ግጥሙ በአማርኛ የጸና ከሆነ፥ ጠባቂው ጠብቆ ላላውም ላልቶ ከተዘፈነ፥ የቀረውን ለአድማጩ መተው ይቻላል።