ካርታን የመሞገት መብት

በ2021 የወጣው የአሜሪካ የመሠረተ ልማት ሕግ ፈጣን ኢንተርኔት ላልደረሳቸው፣ በተለይም ለገጠር ነዋሪዎች፣ 42.45 ቢሊዮን ዶላር ሲመድብ፣ የየክፍለ ግዛቱ ድርሻ በፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሽፋን ካርታ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰላ ደንግጓል። የቀድሞው አሠራር በአንድ የቆጠራ ቦታ፣ ማለትም ለሕዝብ ቆጠራ በተከለለ ትንሹ የመሬት ክፍል፣ አንድ ቤት እንኳ አገልግሎት ማግኘት ከቻለ ሌሎቹንም እንዳገኙ ይቆጥር ስለነበር፣ ተራርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች በወረቀት ላይ ተገናኝተው በተግባር ተነጥለው ቀርተዋል። በ2022 የወጣው ካርታ እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ ከማሳየቱም በላይ፣ ማንኛውም ነዋሪ የአገልግሎት ሰጪውን ቃል ማስረጃ ይዞ እንዲሞግት መፍቀዱ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በሦስት የተለያዩ ቀናት የተለካ የኢንተርኔት ፍጥነት፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ሲቀርብ፣ የሕዝብ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ለድጋፍ ብቁ የሆኑ ቤቶችን የክፍለ ግዛቱን ዝርዝር ለማሳረም በቅቷል።